ያለ ጥፋቱ የተሸጠ ፍሪጅ

ፍሪጃችንን የሸጥኩት ጥቅምት ላይ ነው። ክሱ «ሌሊት ሌሊት ይጮሃል» የሚል ነበር። ከሳሹ እኔ፣ ምስክሩ እኔ፣ ዳኛውም እኔ። ባለቤቴ «ኧረ እኔ ምንም አይሰማኝም፤ ዘጠኝ ዓመት ያገለገለ ዕቃ ምን በወጣው?» እያለች ጥብቅና ቆማለት ነበር። ጆሮ ዳባ ልበስ አልኩ። ምድር ላይ ለሚኖሩት እማማ በግማሽ ዋጋ ሰጠኋቸውና አራት ጎረምሶች ከአራተኛ ፎቅ በጠባቡ የኮንዶሚኒየም ደረጃ እያቃሰቱ አወረዱት። የዚያን ዕለት በጊዜ ተኛሁ። መብራቱ ጠፋ፤ በሩ ተዘጋ፤ ልጄም ተኛች። ድሌን ላጣጥም ዓይኔን ጨፈን ሳደርግ፣ ጢ———— አለ። ድምፁ ከፍሪጁ ጋር አልወረደም።

ፍሪጁ የመጀመሪያው ተጠርጣሪ እንዳልነበረ ለሕሊናዬ ስል ልናገር። መጀመሪያ የጠረጠርኩት ቆጣሪውን ነው። ቀጥዬ የዋይፋዩን ሳጥን ነቀልኩ። ስታቢላይዘሩን ነቀልኩ። ኤሌክትሪሺያን ጠራሁ። ኤሌክትሪሺያን ደግሞ ጥፋት ሳያገኝ ከሰው ቤት የወጣበት ታሪክ የለም። ማከፋፈያውን ከፍቶ ራሱን ነቀነቀና «ይሄ ቤት ኤርዝ የለውም ጋሼ» አለኝ። ኤርዙ ተሠራ፤ ተከፈለ፤ ጢው ቀጠለ።

አንድ ሌሊት ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ጋቢ ደርቤ ወደ ዘበኛው ወረድኩ።

«ይሄ ጄኔሬተር እስከ ስንት ሰዓት ነው የሚሠራው?»

«የቱ ጄኔሬተር ጋሼ? መብራት አለ'ኮ።»

«አይሰማህም እንዴ?»

ሰውየው ጨዋ ነው። ባርኔጣውን አውልቆ፣ አንገቱን ሰበር አድርጎ፣ በትዕግሥት ወደ ጨለማው አዳመጠ። ከዚያ «እርስዎ ካሉ ይኖራል» አለኝ። ከዚያ ሌሊት ወዲህ ከወትሮው ለስለስ ባለ ድምፅ ነው ሰላም የሚለኝ፤ ለታመመ ሰው እንደሚባለው።

ድምፁ ምን ይመስላል ለሚለኝ፣ ድሮ ቴሌቪዥን የዕለቱን ሥርጭት ጨርሶ ባለቀለም መስመሮቹን ከደቀነ በኋላ የሚለቀው ያ ረጅም ጢ… ትዝ ይለዋል? እሱን በጣም አቅጥኑት። እንደ መርፌ። ማጥፊያ የሌለው ቴሌቪዥን ራስ ቅላችሁ ውስጥ ተተክሎ እስኪነጋ ድረስ ባለቀለም መስመር ሲያሳያችሁ ቢያድር፣ እንደዚያ ነው።

ነገሩ የተጀመረው በእንቁጣጣሽ ዋዜማ ነው። እኔ ሙዚቃ ወዳድ ነኝ። ይህን የምለው ለሙገሳ ሳይሆን ለምርመራ እንዲያመች ነው። በአሥራ አምስት ዓመቴ አጎቴ ከውጭ ያመጣልኝን ዎክማን ጆሮዬ ላይ ለጥፌ ጥላሁን ገሠሠንና ማህሙድ አህመድን ባትሪው ሞቶ ድምፃቸው እስኪጎተት ድረስ ሳዳምጥ ነው ያደግኩት። ካደግኩም በኋላ ታክሲ ውስጥ ወያላው ሲጮህ እኔ ድምፅ እጨምራለሁ፤ ሾፌሩ ቴፑን ሲጨምር እኔም እጨምራለሁ። ስልኬ «ድምፁ ከፍ ሲል ጆሮዎን ሊጎዳ ይችላል» እያለ በየጊዜው ይጠይቀኛል። «እሺ» የሚለውን እጫናለሁ። ስልኩ የሚያቀርበው ሌላ አማራጭ ስለሌለም አይደለም፤ ሳላነበው ነው።

ወደ ዋዜማው ልመለስ። እኔና ጓደኛዬ ዘግይተን ደረስን። አዳራሹ ጢም ብሏል፤ መርፌ መጣያ የለም። ከመድረኩ በስተግራ ግን የሁለት ሰው ቁመት የሚያህል የስፒከር ቁልል ፊት ለፊት እንደ ምንጣፍ የተዘረጋ ባዶ ቦታ አየሁ። ዕድላችን! አልኩ። ያ ሁሉ ሺህ ሰው ያልተሻማበት ቦታ ለምን እንደተረፈ አንድም ጊዜ ራሴን አልጠየቅኩም። ቤዙ ሲመታ ሸሚዜ ይርገበገባል። ጓደኛዬ የሆነ ነገር ይለኛል፤ ከንፈሩን አያለሁ፤ አውራ ጣቴን አሳየዋለሁ። አራት ሰዓት እንዲህ ቆየን።

ስንወጣ ጎዳናው ፀጥ ብሏል። ጥጥ የተጠቀጠቀብን ያህል። ወያላው አፉን ይከፍታል፣ ይዘጋል፤ ወዴት እንደሚጠራ ግን የሚያውቀው እሱ ብቻ ነው። እኛ እንስቃለን። «ምን የመሰለ ኮንሰርት! ጆሯችን ደነቆረ'ኮ!» ተባባልን። ልብ በሉ፣ ምስጋና ነው። በእኛ አገር ድግስ «ደመቀ» የሚባለው ሲጮህ ነው፤ ዘፋኝ የሚወደሰው «አዳራሹን አናጋው» ተብሎ ነው። አዳራሹን ያናጋ ነገር እዚያው መሃል ያለውን ጆሮ ምን ያደርገዋል ብሎ የጠየቀ ግን አላጋጠመኝም። የጓደኛዬ ጆሮ በማግሥቱ ከሰዓት በኋላ ተከፈተለት፤ ጩኸቱም ለቀቀው። የእኔ ጥጡ ወጣ፤ ጢው ቀረ። እሱ ኮንሰርቱን ያስታውሰዋል፤ እኔ እስካሁን እሰማዋለሁ።

ምክር ፍለጋ መጀመሪያ የሄድኩት አክስቴ ጋ ነው። አክስቴ ቡናዋን እየቆላች አዳመጠችኝና «ጆሮ ከጮኸ ስምህን የሚያነሳ ሰው አለ ማለት ነው» አለች። «ቀኝ ከሆነ በደግ ነው፤ ግራ ከሆነ በክፉ። የትኛው ነው?»

«ሁለቱም።»

ምጣዱን አቆመችው። «እንግዲያስ ወዳጅም ጠላትም አፋፍመውብሃል!»

«ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው» የሚለው ተረት ሰው የሚታማበትን ራሱ አይሰማም ለማለት ነው። የአክስቴ ሕግ ደግሞ ተቃራኒው ነው፤ ጆሮ ሐሜቱን በድምፅ ያስታውቃል። የትኛውን እንደምይዝ ግራ ገባኝ። እውነቴን ነው የምላችሁ፣ ሁለት ሳምንት ሙሉ መሥሪያ ቤት ውስጥ ሰው በጥርጣሬ ሳይ ከረምኩ። ከሒሳብ ክፍሉ ሰውዬ ጋር በዚህ ምክንያት ቡና መጠጣት አቆምኩ። እሱ እስከ ዛሬ ምክንያቱን አያውቅም፤ ይህን ካነበበ ይቅርታዬን ይቀበል።

አክስቴ በምርመራ ብቻ አላበቃችም። ጤና አዳም ጨፍልቃ፣ ነጭ ሽንኩርት ጣል አድርጋ፣ በሞቀ ዘይት ለውሳ በሁለቱም ጆሮዬ ጠብ ጠብ አደረገችልኝ። ከዚያ አያቴ በአንገቷ ታንጠለጥላት የነበረችውን የብር ኩክ ማውጫ ከሣጥን አውጥታ «ኩክ ይሆናል የዘጋህ» ብላ ቀረበችኝ። እዚህ ላይ ሸሸሁ።

ከአንገት በላይ ሐኪም ዘንድ የሄድኩት እንግዲህ ከዘበኛው፣ ከኤሌክትሪሺያኑ፣ ከአክስቴና ከፍሪጁ በኋላ ነው። በአማርኛችን «ከአንገት በላይ» ሲባል ከልብ ያልሆነ ማለት ስለሆነ፣ ስሙን በሩ ላይ ሳነብ ትንሽ ቅር ብሎኝ ነበር። ዶክተሯ ግን ከልቧ ነበረች። መብራቷን አብርታ ቀኝ ጆሮዬ ውስጥ ብዙ ቆየች። ከዚያ በወረንጦ አንዲት አረንጓዴ ቅጠል አውጥታ ጎዝ ላይ አስቀመጠችና አየችኝ።

«ይሄ ምንድን ነው?»

«ጤና አዳም ነው ዶክተር።»

«ቡናውስ?»

ታምቡሬ ደህና ነበር። የሚጠየቁትን ጠየቀችኝ፤ ድምፁ ከልብ ምት ጋር አብሮ ይመታል ወይ? በአንድ ጆሮ ብቻ ነው ወይ? ያዞርዎታል ወይ? የሚወስዱት መድኃኒት አለ ወይ? ሁሉንም የለም አልኩ። አንድ ጆሮ ድንገት መስማት ያቆመበት ሰው ግን «ነገ ይለቀኛል» ብሎ እንዳያድር፣ በዚያው ዕለት እንዲመጣ፣ ሕክምናው በቀናት ውስጥ ካልተጀመረ እንደሚያመልጥ ስትነግረኝ ጣቷን እያወዛወዘች ነው። ይህን እናንተም ያዙልኝ።

የመድኃኒቱ ጥያቄ አባቴን አስታወሰኝ። አባቴ ሁመራ ሰሊጥ ሲያለማ ወባ ይዞት «ኪኒኑ ጆሮዬን አስጮኸው» ይል ነበር፤ እኛ የትኩሳት ቅዠት ይመስለን ነበር። ለካስ እውነቱን ነው። የወባው ኪኒን ጆሮ በማስጮህ ከጥንት የታወቀ ነው፤ ብዙ ሲወሰድ አስፕሪንም እንዲሁ ያደርጋል፤ ስትሬፕቶማይሲንና ጄንታማይሲን የሚባሉት መርፌዎችም ጆሮ ሊጎዱ ይችላሉ። የሚገርመው፣ እኛ ለማንኛውም እንክብል የምንጠቀምበት «ኪኒን» የሚለው ቃል ራሱ የዚያ መድኃኒት ስም ነው። ራስ ምታት ቢይዘንም ኪኒን፣ ሆድ ቢነፋንም ኪኒን፤ ሁሉም በጆሮ አስጯሂው ስም ይጠራል።

ከዚያ ድምፅ የማያስገባ ጠባብ ክፍል ውስጥ አስገብተው ማዳመጫ ጫኑብኝ። «ድምፅ በሰሙ ቁጥር ይህን ቁልፍ ይጫኑ» ተባልኩ። ተጫንኩ። ደግሜ ተጫንኩ። ደጋግሜ ተጫንኩ። በመስታወቱ በኩል ባለሙያው ማይኩን አበራና «ጋሼ፣ ገና አልጀመርኩም» አለኝ።

ውጤቱ በወረቀት ላይ የተሰመረ መስመር ነው። ከወፍራሙ ድምፅ ይነሳና ደልደል ብሎ ይሄዳል፤ ከጎሐ ጽዮን ወዲህ ያለውን ሜዳ ይመስላል። ከዚያ 4000 ሄርዝ አካባቢ ሲደርስ እንደ ዓባይ በረሃ ቁልቁል ይወርዳል። 8000 ላይ ደጀን ብቅ ይላል፤ ትንሽ ያገግማል። «ይህን ጉድጓድ የቆፈረው ጩኸት ነው» አለችኝ ዶክተሯ። «ፋብሪካ የሚውሉ ሰዎችና ሙዚቀኞች ይዘውልኝ የሚመጡት ይህንኑ ነው። እርስዎ ምን ይሠራሉ?» ቢሮ ውስጥ ፋይል አገላብጣለሁ ስላት እስክሪብቶዋን አስቀመጠች። ይኼኔ ስለ ዋዜማው ተናዘዝኩ።

እንደገባኝ እናገራለሁ። የውስጥ ጆሯችን እንደ ቀንድ አውጣ የተጠመጠመች፣ ከአተር ፍሬ ብዙም የማትበልጥ ነገር ናት። ውስጧ በፈሳሽ የተሞላ ነው። እዚያ ውስጥ ፀጉር መሳይ ጫፍ ያላቸው ሴሎች ተሰልፈዋል፤ በአንድ ጆሮ 15 ሺህ ገደማ። ድምፅ ሲመጣ ፈሳሹ ይነቃነቃል፤ ፀጉሮቹ ይታጠፋሉ፤ ያ መታጠፍ ወደ ኤሌክትሪክ ተለውጦ ወደ አንጎል ይሄዳል። እኔ የገበሬ ልጅ ስለሆንኩ የታየኝ የጤፍ ማሳ ነው። ነፋስ ሲነካው ያጎነብሳል፣ ይነሳል። ነፋሱ ሲበረታ ይጋሽባል፤ አንዳንዱ በማግሥቱ ፀሐይ ሲያገኝ ቀና ይላል፤ የጓደኛዬ ጆሮ እንደዚያ ነው የሆነው። በረዶ የመታው ግን አገዳው ተሰብሯልና አይነሳም። የሰው ልጅ ደግሞ በዚህ ማሳ የሚዘራው አንድ ጊዜ ብቻ ነው፤ እናቱ ማሕፀን ውስጥ። ወፎች እንደገና ያበቅላሉ። እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ1980ዎቹ መጨረሻ ሳይንቲስቶች ይህን ያዩት በጫጩት ጆሮ ላይ ነው። ወጥ ሆና የምትቀርብልን ዶሮ ጆሮዋን ማደስ ትችላለች፤ ጎራሹ አይችልም። ፍትሕ የለም።

ታዲያ የተሰበረው ዝም ካለ የሚጮኸው ማነው? እዚህ ላይ ነው ነገሩ የረቀቀብኝ። አባቴ ማታ ማታ በአጭር ሞገድ የጀርመን ድምፅን ሲፈልግ፣ ጣቢያው ሲደክምበት የድምፁን ቁልፍ ያጦዘዋል። ጣቢያው አይጠራም፤ የሚጨምረው ሺ… የሚለው የሬዲዮኑ የራሱ ጩኸት ነው። አንጎልም እንደ አባቴ ነው። ከጆሮ የሚመጣው መልእክት በአንድ በኩል ሲቀንስበት ቁልፉን ያጦዛል፤ የሚሰማውም የራሱ የውስጥ ሹክሹክታ ነው። ቲኒተስ ይሉታል፤ ቃሉ ላቲን ነው፣ መደወል ማለት ነው። እንዲያውም በፈረንጆቹ 1953 ሁለት ተመራማሪዎች ጆሯቸው ደህና የሆነ 80 ሰዎችን አንድ በአንድ ድምፅ ወደማያስገባ ክፍል አስገብተው የሚሰሙትን እንዲናገሩ ቢጠይቋቸው፣ ከመቶ 94ቱ የሆነ ድምፅ ሰምተዋል። ምንም በሌለበት። ይህን ሳውቅ ለዘበኛው ያለኝ አክብሮት ጨመረ፤ «ይኖራል» ያለው ትክክል ነበር።

ከዚያ ዶክተሯ ሒሳብ ሠራችልኝ። 85 ዴሲቤል ድምፅ በቀን ስምንት ሰዓት ይፈቀዳል። በየ3 ዴሲቤሉ ጭማሪ ጉልበቱ እጥፍ ስለሚሆን ሰዓቱ በግማሽ ይቀንሳል፤ 88 ላይ አራት ሰዓት፣ 91 ላይ ሁለት እያለ ሄዶ 100 ላይ ሲደርስ 15 ደቂቃ ብቻ ይቀራል። የእኛ አገር ዘፈን መግቢያውን፣ አዝማቹንና ሳክስፎኑን ጨምሮ ስድስት ደቂቃ ቢፈጅ፣ 15 ደቂቃ ማለት ሁለት ዘፈን ተኩል ነው። እኔ የቆምኩት አራት ሰዓት። በ100 እንኳ ብናስበው የአሥራ ስድስት ቀን ራሽን በአንድ ሌሊት በልቻለሁ፤ ስፒከሩ ሥር ደግሞ ከ100 እንደሚያልፍ አልጠራጠርም። የዓለም ጤና ድርጅት በፈረንጆቹ 2022 ባወጣው መመሪያ የሙዚቃ አዳራሾች አማካይ ድምፃቸው ከ100 እንዳያልፍ፣ ለታዳሚው የጆሮ መድፈኛ እንዲያቀርቡና ጆሮ የሚያርፍበት ፀጥ ያለ ቦታ እንዲያዘጋጁ ይመክራል። ፀጥ ያለ ቦታ! በእኛ አዳራሽ ፀጥ ያለ ቦታ ያገኘሁት ሽንት ቤት ነው፤ እሱም ቤዙ ይደርስበታል።

«ግን እኮ ዶክተር፣ ምንም አላመመኝም ነበር። እንዲያውም ደስ ብሎኝ ነው የቆምኩት» አልኳት።

«የሚያምዎት ቢሆን ኖሮ ይሸሹ ነበር» አለችኝ።

ወደ ቤት ስመለስ ቅዱስ ያሬድ ትዝ አለኝ። ታሪኩን ሁላችንም በልጅነት ሰምተነዋል። ያሬድ ከአፄ ገብረ መስቀል ፊት ሲያዜም፣ ንጉሡ የተመረኮዙት ጦር ሳያውቁት በያሬድ እግር ላይ ተተከለ። ንጉሡ በዜማው ተመስጠዋል፤ ያሬድም በዜማው ተመስጧል፤ ወጊውም ተወጊውም አልተሰማቸውም። ደሙ የታየው ማኅሌቱ ሲያበቃ ነው። ይህን ታሪክ ስንማር የተነገረን ስለ ዜማው ጣዕም ነበር። እኔ አሁን የማስበው ስለ እግሩ ነው።

የሚዋጥ መድኃኒት አለ ወይ ብዬ ነበር። የለም። የሚረዳው፣ አለችኝ፣ በፍጹም ፀጥታ አለመተኛት፣ ዝቅ ያለ ሌላ ድምፅ አጠገብ ማኖር፣ ነገሩ ካስጨነቀ ደግሞ የሥነ ልቦና ባለሙያ ማነጋገር ነው፤ አንጎል ውሎ አድሮ ድምፁን እንደ ቤት ዕቃ ይለምደዋል። ክረምት ላይ እኔ ጤነኛ ነኝ። ዝናቡ የላይኛው ፎቅ ቆርቆሮ ላይ ሲወርድ ጢ የለ፣ ምን የለ፤ ሬሳ ነኝ። በበጋ ግን የአለሙ አጋን በገና ዝቅ አድርጌ ከራስጌዬ አኖራለሁ። በገና ያን ንዝረቱን የሚያገኘው በእያንዳንዱ ጅማት ሥር ከምትገባው እንዚራ ከምትባል የቆዳ ቁራጭ ነው። ንዝረቱ ወፍራም፣ የእኔ ቀጭን ነውና አይሸፋፈኑም፤ ግን ይጨዋወታሉ። አሥሩ ጅማት ላይ እኔ አሥራ አንደኛ ሆኜ እተኛለሁ።

ሕመምተኛ ሲሆኑ የሕመም ዘመድ መቁጠር ልማድ ነው። ቤትሆቨን ጆሮው ሌት ተቀን እንደሚያፏጭና እንደሚጮህ በፈረንጆቹ 1801 ለሐኪም ወዳጁ ጽፏል። ከሁሉ ያስገረመኝ ግን ቼኩ የሙዚቃ ደራሲ ስሜታና ነው። በ1874 መስማት አቆመ፤ በ1876 «ከሕይወቴ» ብሎ ለአራት ባለአውታር መሣሪያዎች በጻፈው ሥራ መጨረሻ ላይ፣ ደስ የሚል ጭፈራ እየሄደ እያለ ድንገት ይቋረጥና ቫዮሊኑ አንዲት በጣም ቀጭን ኖታ ይዞ ይቀራል። ጆሮው ውስጥ የሚጮኸውን ነው የጻፈው። አንድ ሌሊት ይህንን አዳመጥኩ። ቫዮሊኑ ያችን ኖታ ያዘ። ያዘ። ያዘ። የቀድሞው ዜማ ሲመለስ ነው ቫዮሊኑ ከቆመ መቆየቱን ያወቅኩት፤ የቀጠልኩት እኔ ነበርኩ።

የቀረኝን ጤፍ ልጠብቅ ተነሳሁ። የጆሮ መድፈኛ ፍለጋ ስድስት ፋርማሲ ዞርኩ። አንዱ ጠብታ ሰጠኝ፣ አንዱ ጥጥ። ጥጥ ለዚህ ጉዳይ ከምኞት አይሻልም። በመጨረሻ ያገኘሁት መርካቶ፣ ሄልሜትና የሚያንጸባርቅ ሰደርያ የሚሸጡ ሱቆች ጋ ነው። ስፖንጅ መሳይ፣ ብርቱካንማ፣ ዋጋውም ከአንድ ማኪያቶ ያነሰ።

«የት ሳይት ነው የምትሠራው?» አለኝ ባለሱቁ።

«ሰርግ ላይ።»

ተጨማሪ ሁለት ጥንድ መረቀልኝ።

ታዲያ አገባቡ ሙያ አለው። መጀመሪያ እንደ ሸሚዝ ቁልፍ ነበር የምጫነው፤ ስስቅ እየወደቀ በሰው የጥሬ ሥጋ ሰሃን ላይ ያርፋል። በጣት አሻሽቶ እንደ ጧፍ ማቅጠን፣ በሌላው እጅ ከራስ በላይ ዞሮ ጆሮን ወደ ላይና ወደ ኋላ ሳብ ማድረግ፣ ማስገባት፣ እስኪነፋ ድረስ በጣት ይዞ መጠበቅ። ያኔ ዓለም ጎረቤት ቤት ትገባለች። ጉድለቱ፣ ስፖንጁ ቀጭኑን ድምፅ ከወፍራሙ ይልቅ አብዝቶ ስለሚያፍን ከበሮው ይቀርና ንግግር ይጠፋል። የእኔ ጆሮ ደግሞ ቀጭኑን ቀድሞውኑ አጉድሏል። እንደ ሰ፣ ፈ፣ ጠ ያሉ ፊደላት የሚኖሩት እዚያው ዓባይ በረሃ አካባቢ ነውና ሁለቱ ተደምረው ምን እንደሚያመጡ በጥር ወር ሰርግ ላይ አየሁ።

ጓደኛዬ፣ ያው የዋዜማው ጓደኛዬ፣ ከጎኔ ተቀምጧል። ዲጄው እስክስታ ለቋል። ጓደኛዬ ወደ ጆሮዬ ጎንበስ ብሎ «ዋ… ትሆነኛለህ?» የሚመስል ነገር አለኝ። እኔ የሰማሁት «ዋጥ» ነው፤ ብርጭቆዬ ሞልቶ ስለነበር «ዋጥ አድርጋት እንጂ!» ያለኝ መሰለኝ። ብርጭቆውን አነሳሁና «በደስታ! አንተ ብለህ ነው!» ብዬ ግጥም አደረግኩት። አቀፈኝ። ዓይኑ ዕንባ አቅርሮ ነበር። ለአንድ ብርጭቆ ጠጅ ይህን ያህል ማልቀስ በዛ ብዬ ነበር።

ሰኞ ዕለት ወረቀት ይዞ መሥሪያ ቤቴ መጣ። ያለው «ዋስ» ነው። ዕቁብ ደርሶት፣ ገንዘቡን ለመውሰድ ዋስ ጥራ ተብሎ፣ እኔን ጠርቶ፣ እኔም ሰው ባለበት በደስታ ተቀብዬ። 240 ሺህ ብር። ስፖንጁን ከኪሴ አውጥቼ ላሳየው አስቤ ነበር፤ ይሉኝታ ያዘኝ። ፈረምኩ።

በዚያ ሰርግ ላይ ያየሁትን አንድ ነገር ሳልናገር አላልፍም። አረጋውያኑን፣ አያቶቹንና የነፍስ አባቱን፣ በክብር ከፊት አስቀምጠዋቸው ነበር። ፊት ማለት ስፒከሩ ሥር ማለት ነው። አንዲት እናት ነጠላቸውን ጆሯቸው ላይ ሁለት ጊዜ ጠምጥመው፣ ፈገግ ብለው፣ ሦስት ሰዓት ተቀመጡ። ማንም አላነሳቸውም፤ ክብራቸውን መንካት ይሆናላ። እኔ የተረፉኝን ሁለት ጥንዶች ልሰጣቸው ሄጄ «ከረሜላ ነው ልጄ?» አሉኝ። ሰርግ የምትደግሱ፣ እባካችሁ፣ የአረጋውያኑን ጠረጴዛ ወደ በሩ አድርጉት። በርም ክብር ነው በሉ፤ ሚዜዎቹን ስፒከሩ ሥር አስቀምጧቸው፤ እነሱ እንኳ ቆመው ነው የሚያመሹት።

ባለፈው እሁድ እማማ ቡና ጠሩን። ፍሪጁ ሳሎናቸው ጥግ፣ በራሳቸው እጅ የተሠራ ዳንቴል ለብሶ ቆሟል። ሰው እስኪወጣ ጠብቄ ጆሮዬን በሩ ላይ ለጠፍኩ። ምንም። ያችው የራሴ ጢ ብቻ። እማማ ከጓዳ ሲመለሱ እንደዚያው አጎንብሼ አገኙኝ።

«መልሰው ይሸጡልኝ ይሆን?» አልኳቸው።

«እንዴታ ልጄ፣ ላንተ ካልሆነ ለማን!» አሉና ዋጋውን ነገሩኝ። እሳቸው ከገዙበት እጥፍ ነው፤ ዕቃ ተወዷል። ለባለቤቴ ገና አልነገርኳትም።